«እርስዎ ይቅደሙ» ያቃጠላቸው አምፖሎች

እጮኛዬን መጀመሪያ ያወቅሁት በድምፁ ነው። መልኩን ያየሁት ድምፁን ከለመድኩት በኋላ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር መልኩ ከድምፁ ትንሽ ያንስ ነበር። ይህን አንድ ቀን ነግሬው ሳምንት አኩርፏል።

እኔ ስልከኛ ነበርኩ። በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በእኛ አፍ ግን ምንጊዜም አምቦ በሆነችው ከተማ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ሰውን ከሰው ሳገናኝ እውላለሁ። ያን ጊዜ ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሁሉንም በሳላቸውና የስልኩን እጀታ በሚያዞሩበት አኳኋን አውቃቸዋለሁ። ባለወፍጮው አንዴ ማዞር ከጀመሩ የሚያቆማቸው የለም። ባለሆቴሏ አንዴ ብቻ ዞር አድርገው ይጠብቃሉ፤ መልሱ ከዘገየ «ምነው፣ ሞታችኋል እንዴ?» ብለው ይጮኻሉ። እሱ የሚደውለው ሁሉካ ወንዝ ዳር ካለው የመብራት ማሽን ቤት ነው። ከድምፁ ኋላ ውሃ ይሰማል። ተርባይኑን የሚያዞረው ውሃ ድምፅ በሽቦው አልፎ ጆሮዬ ሲደርስ ዓይኔ ይከደናል፤ ወንዝ ዳር ሳር ላይ የተኛሁ ይመስለኛል።

«አካም ኦልቴ፣ ስልከኛ?» ይላል አመሻሽ ላይ፣ በኦሮምኛ ጀምሮ ወደ አማርኛ እየተሻገረ።

«ደህና ዋልኩ። ማንን ላገናኝዎ?»

«ማንንም። የሁሉካ ውሃ ዛሬም ቀነሰ፤ ይህንኑ ልነግርሽ ነው።»

«ለእኔ ምን ይረባኛል?»

«ምንም አይረባሽም። ግን ብቻዬን ከማውቀው ሁለት ሆነን ብናውቀው ይሻላል ብዬ ነው።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ሌላው ሰው በአበባና በሽቶ ይጀምራል፤ እኛ በወንዝ ልክ ጀመርን። ምሽት በደረሰ ቁጥር የሁሉካን ነገር ይነግረኛል፤ ድንጋዩ ብቅ አለ፣ ከላይ ያለው ኩሬ ጎደለ፣ አንዲት ኤሊ የውሃ መግቢያው ወንፊት ላይ ተጣብቃ አወጣኋት። እኔም ከሰው ጋር ስነጋገር ሳላስበው ስለ ወንዙ ማውራት ጀመርኩ። ጎረቤቶቼ ይህቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው ይሉ ነበር።

ከእናቴ ሞት በኋላ ቤታችን ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። አባቴ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። ከካቺሲም ከወንጪም የሚመጣ ባላገር ፈረሱን ከደጃችን አስሮ ኮርቻውን ያስጠግናል፤ ቤታችን ዘወትር ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ጆሯቸው እየከበደ፣ ዓይናቸውም እየደከመ ሄዶ ስለነበር መርፌ ውስጥ ክር የማስገባላቸው እኔ ነኝ። የማሽን ቤቱ ሰው ሽማግሌ በላከ ጊዜ አባቴ እንዲህ አሉ፦ «ልጁን ጠልቼው አይደለም። ልጄን ለእሱ እሰጣለሁ፤ ለሌላ አገር ግን አልሰጥም። አምቦን የሚለቅ ከሆነ ነገሩ ፈርሷል።» ሽማግሌዎቹ ደግ ነው ብለው ተነሡ። ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እኔ በዚያ ቃል አልከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ሁለቱንም ሳላጣ የምኖርበት መንገድ ነበር።

የውጭ አገር ሰዎቹ የመጡት በዚያው በጋ ነው። አንዱ ስዊድናዊ፣ ሌላው ዩጎዝላቭ፣ ሁለቱም መሐንዲሶች። ስዊድናዊው ረጅምና ዝምተኛ ነው፤ ከምንጩ የሚፈላውን ውሃ ቀድቶ በቀመሰ ጊዜ አፍንጫውን ይዞ ብቻውን ሲስቅ ከተማው ሁሉ አየው። ዩጎዝላቩ ደግሞ ዝም ማለት የማይሆንለት፣ በመጣ በወሩ ገበያ ገብቶ በአማርኛ የሚከራከር ሰው ነበር። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ የሁለቱም አይደለም። የእኔው ሰው የተማሪ ቤት እንግሊዝኛውን ይዞ መሀላቸው ይገባል። ሦስቱ በተውሶ ቋንቋ ሲከራከሩ በስልክ የሰማ ሰው ሊደባደቡ ነው ይላል።

የመጡበት ጉዳይ ይህ ነው። አምቦ ውሃ አላት፤ ጎረቤቷ ጉደር ናፍጣ ሞተር አላት። በበጋ ሁሉካ ይቀጥንና የአምቦ አምፖል ክሩ ብቻ ቀልቶ ይታያል። ናፍጣ የሚያመጣው መኪና ከዘገየ ደግሞ የጉደር ሰው በኩራዝ ያመሻል። ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ሽቦ ይያያዙ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይደግፈው ተባለ። ይህም ብቻውን አይበቃም። ሰው ሁሉ ኮረንቲ የሚፈልገው በአንድ ጊዜ፣ ምሽት ሲይዝ ነው፤ ወፍጮው ያኔ ይፈጫል፣ ሆቴሉ ያኔ ያበራል፣ ጉደር ያለው እንጨት መሰንጠቂያም ያኔ ይጮኻል። «ሌላ ማሽን ከመግዛት ሰዉን ትንሽ ዘወር ማድረግ ይሻላል» ይል ነበር ዩጎዝላቩ። «ወፍጮው ጥቂት ቢታገሥ ለሆስፒታሉ ይበቃል።» በየአገራቸውም ትልልቅ መሐንዲሶች የሚጨነቁበት ነገር ነው አሉ። ታዲያ ወፍጮውን ታገሥ የሚለው ማን ነው? ስልከኛዋ ናታ!

ከአዲስ አበባም አንድ ሹም ወርደው ቁርጡን ተናገሩ። ሙከራው ከሰመረ ማሽን ቤቱ ይቀጥላል። ካልሰመረ የሁሉካው ማሽን ቤት ተዘግቶ ሠራተኞቹ ወደየአገሩ ይበተናሉ። እጮኛዬ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ከውሃው በታች ሆነብኝ። «ይበተናሉ ነው ያሉት» አለኝ። «አባትሽ እንዳይሰሙ።» አባቴ ግን ጆሮ ባይኖራቸውም የሰው ፊት ያነባሉ። ያን ቀን ማታ እራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ሁለት ማሽን እንዲሁ ዝም ተብሎ አይያያዝም። እርምጃቸው መግጠም አለበት፤ ሳይገጥም ቢገናኙ ይሰባበራሉ። መግጠማቸውን የሚያውቁት በሦስት አምፖሎች ነው። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ይደምቃሉ፣ ቀስ ብለው ይፈዛሉ፣ እንደገና ይደምቃሉ። ጨርሰው የጠፉ ጊዜ ሁለቱ ማሽኖች እርምጃቸው ገጥሟል ማለት ነው፤ ያኔ ማገናኛውን መጫን ነው። በመብራት ሥራ ውስጥ ጨለማን የሚጠብቁበት ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

እኔ የጉደርንና የአምቦን ስልክ አገናኝቼ መሀል እቀመጣለሁ። ከወዲያ የናፍጣው ሞተር ያጉረመርማል፤ ከወዲህ ውሃው። እሱ ለጉደሩ ሰው ይናገራል፤ እኔ ግን ለእኔ የሚናገር ይመስለኛል። «ደመቁ… እየፈዘዙ ነው… ገና… ገና…» ትንፋሹን እሰማለሁ። በመስኮቴ ቀይ ሰማይ ይታያል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ አቧራውን አስከትሎ ይገባል፤ ከፍልውሃው በኩል ነጭ እንፋሎት በባሕር ዛፎቹ መሀል ያልፋል። «ጠፉ» ይላል፤ ከዚያ አንድ ከባድ ድምፅ ጓ ይላል፤ ሁለት ከተማ አንድ ይሆናል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ምንም አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ጉደር ላይ የሚበራው የአንዲት ሴት አምፖል ከእኛው ወንዝ እንደሚጠጣ አውቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሰላም የተሰማኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

አንድ እሑድ መሐንዲሶቹ ከአባቴ ኮርቻ ተከራይተው ወደ ወንጪ ሐይቅ ወጡ፤ እጮኛዬም አብሯቸው ሄደ። አባቴ ኮርቻውን እየጫኑ «ውሃ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ? ሁሉካ ምን አነሰው?» ይሉ ነበር። ስዊድናዊው ሐይቁ ዳር ተቀምጦ አልነሣም ብሎ አስቸገራቸው አሉ። ዩጎዝላቩ ከዚህ ከፍታ ውሃው ቢወርድ ስንት ከተማ እንደሚያበራ በእንጨት መሬት ላይ ሲያሰላ፣ ስዊድናዊው እጁን ውሃው ውስጥ አድርጎ «ይህስ እንዲሁ ይተኛ» አለ። የመብራት መሐንዲስ እንዲህ ማለቱ እጮኛዬን ሲገርመው ኖረ። እኔንማ ሰውየውን አስወደደኝ።

ሥራው በመጀመሪያ ጥሩ ሄደ። እሱ ይደውላል፣ «ውሃው አንሷል» ይለኛል፤ እኔ ባለወፍጮውን እጠራለሁ። «ኦቦ፣ እስቲ ለጥቂት ጊዜ ይረፉልን።» «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን በወጣሽ ትለምኚያለሽ፤ በቃ ቆመ» ይላሉ። ሌላ ቀን ባለሆቴሏን። ባለሆቴሏ ማጥፋቱን ያጠፋሉ፤ ግን እስከ ማግስቱ ድረስ ሲነጫነጩ ይሰማል። ያም ሆኖ መብራቱ ሳይቀላ ያመሻል፤ መሐንዲሶቹም እጃቸውን ያፋትጋሉ።

የሙከራው ቀን ሹሙ ከሌሎች እንግዶች ጋር መጡ። ማሽን ቤቱ ታጠበ፣ ቄጤማ ተጎዘጎዘ፤ ማሽን ቤት ቄጤማ ሲጎዘጎዝ የሰማሁት ያኔ ነው። መሐንዲሶቹ ሰዉን አንድ በአንድ ከመጥራት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብንጠይቅ ምን ያህሉ እሺ ይላል የሚለውን ማየት ፈልገዋል። ሲያስቡት አብዛኛው እምቢ እንደሚል፣ ጥቂቱ ብቻ እንደሚተው ነበር። ሁሉንም ሽቦ አንድ ላይ እንድሰካ ታዘዝኩ። የምናገረውንም ቃል ሹሙ ራሳቸው አሳምረው አዘጋጁት። ምሽቱ ሲይዝ የሁሉንም ስልክ ደወልኩ፤ ባለወፍጮው፣ ባለሆቴሏ፣ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ የጉደሩ እንጨት መሰንጠቂያ፣ ሁሉም አነሡ። እኔም ድምፄን ጠርጌ «የኃይል እጥረት ስላጋጠመን፣ የቻለና ለወገኑ የሚያስብ ሁሉ ለሌላው ይተውለት» አልኩ።

ሁሉም ሁሉን ይሰማ ነበር፤ ነገሩን ያበላሸው ይኸው ነው።

«እኔ አቁሜያለሁ» አሉ ባለወፍጮው ቀድመው።

«ኧረ እርስዎ እንዴት ያቆማሉ፣ የሰው እህል ይዘው! እኔ ሁሉንም አጠፋለሁ፤ እንግዶቼ በሻማ ይብሉ» አሉ ባለሆቴሏ፣ እነዚያ ለአንድ አምፖል ሲነጫነጩ የሚያድሩት ሴትዮ።

«ተማሪ ለአንድ ቀን ሳያጠና ቢተኛ አይሞትም» አሉ ዲሬክተሩ።

ጉደርም ከእኛ እንዳታንስ መጋዙን አቆመች። ደግሞ ስልክ ያለው ስልክ ለሌለው ጎረቤቱ በአጥር ላይ ተጣራ፤ የቤት መብራት ሁሉ በየተራ ድርግም አለ። እንዳበራ የቀረው የዋናው መንገድ መብራትና ጥቂት ያልሰማ ሰው ነው። ተርባይኑ ሲጎትተው የዋለው ሸክም ድንገት ወረደለት። በማዳመጫዬ የማሽኑን ድምፅ ሰማሁት፤ ከጉርምርምታ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ፉጨት ቀጠነ። እጮኛዬ ውሃውን ሊዘጋ ወደ መዘውሩ ሮጠ፤ መዘውሩ ግን በእጅ የሚዞር፣ ቶሎ የማይታዘዝ ነው።

ሌላውን አባቴ ናቸው የነገሩኝ። ደጃፋችን ላይ ካለው የመንገድ መብራት ሥር ተቀምጠው ሳለ ብርሃኑ ነጭ ሆነ፣ ከነጭም አለፈ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ሽቅብ አንጋጠጠ። መንገዱ እንደ ቀትር ሆኖ የድንጋዩ ጥላ ሁሉ ይታይ ነበር። አባቴ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መርፌያቸውን አውጥተው ክር አስገቡ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ያለ እኔ እርዳታ፣ በአንድ ሙከራ። ቀና ሳይሉ አምፖሉ ጧ አለ። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ሌላው፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ተራ በተራ እየፈነዳ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው ኮከብ ብቻ ነበር።

እኔ ጋ ግን ጩኸት ነው። «አብሩ በያቸው! ሁሉም ያብራ!» ይላል እጮኛዬ። እኔም «አብሩ! ሁላችሁም አብሩ!» አልኩ።

«እኔ ምን ቸኮለኝ፣ ሆስፒታሉ ይቅደም» አሉ ባለሆቴሏ።

«ግድ የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» አሉ ዲሬክተሩ።

«ኧረ እንዴት ተብሎ፣ እርስዎ!»

አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ ማዳመጫውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ማሽን ቤት ውስጥ አምፖሉ ከሹሙ አናት በላይ ፈንድቶ ስብርባሪው ባርኔጣቸው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሹሙ አድማ ነው አሉ። ሕዝቡ ተማክሮ መንግሥትን ሊያዋርድ ነው አሉ። ዩጎዝላቩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ወንዙ ወጣ። ስዊድናዊው ግን ቄጤማው ላይ ተንበርክኮ የብርጭቆውን ስብርባሪ ይለቅም ነበር። ሹሙ ከፋሲካ በፊት አንድ ሙከራ ብቻ እንደሚቀር፣ ያም ካልሆነ ማሽን ቤቱ እንደሚዘጋ ተናግረው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ ወደ ባለወፍጮው ሄድኩ። ዱቄት በዱቄት ሆነው ደጃቸው ላይ ቆመዋል።

«ኦቦ፣ ትዳሬን ሊያፈርሱብኝ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አደረግሁ? ተዪ አልሽ፣ ተውኩ!»

«ሁላችሁም ተዋችሁ እኮ!»

«ታዲያ ምን ልንሆን ኖሯል? ሰው ሁሉ እየሰማ ‘ለወገኑ የሚያስብ’ ስትዪኝ ‘እኔ አላስብም’ ልበልሽ? ጎረቤቴ ትቶ እኔ ብፈጭ ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ዱቄቱን ከቅንድባቸው ጠረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ጤፍ ሲታረም ወንፈል እንገባ የለም እንዴ? ዛሬ የእሱ ማሳ፣ ነገ የእኔ። ማንም ማንንም አይለምንም፣ ማንም አያፍርም፤ ደባሬ ነው፣ ተራ። እኔን አትለምኚኝ፤ ደባሬዬን ንገሪኝ። ሲደርሰኝ አቆማለሁ። ሳይደርሰኝ ደግሞ ብታለቅሺም አላቆም።»

ይህን ለእጮኛዬ ነገርኩት፤ እሱም በተውሶ ቋንቋው ለመሐንዲሶቹ አስረዳ። ነገሩን ሲያስረዳ ውሎ አመሸ፤ እኔ ግማሹን በስልክ እሰማለሁ። ዩጎዝላቩ ተራውን ያልጠበቀ ሰው ቅጣቱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እጮኛዬ «ቅጣት የለውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማሳው ላይ ማንም አይመጣም» አለው። ዩጎዝላቩ ጥቂት ዝም አለ፤ ዝም ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በእኛም መንደር በቆሎ የሚሸለቀቀው እንዲሁ ነበር፣ ልጃገረድ የምናየውም ያኔ ነው አለ። ስዊድናዊው ደግሞ በረዶ ሳይጥል ሣር ለማስገባት ጎረቤት ለጎረቤት እንዴት እንደሚዞር፣ አያቱም ተራቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ተናገረ። በዚያች ጠባብ ማሽን ቤት ሦስት ሰዎች የየአገራቸውን ወንፈል ሲያወሩ፣ ከኋላቸው ውሃው ይወርዳል። የማልደርስባቸው አገሮች ሁሉ ቅርብ የሆኑ መሰለኝ።

ሁለተኛው ሙከራ ለሹሙ አሰልቺ ነበር። ሁሉንም ሽቦ አንድ ላይ አልሰካሁም፣ ማንንም አልለመንኩም። «ኦቦ፣ ተራዎ ነው» እላለሁ፤ ወፍጮው ይቆማል። «ተራዎ አበቃ» እላለሁ፤ ይነሣል። «እትዬ፣ የእርስዎ ተራ።» «አውቄያለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ» ይላሉ ባለሆቴሏ፣ እንደ ወትሯቸው። ጉደር ይተዋል፣ አምቦ ይወስዳል፤ አምቦ ይተዋል፣ ጉደር ይወስዳል። አምፖሉ አልቀላም፣ አልነጣም። ሹሙ አንድ ነገር እስኪፈነዳ ሲጠብቁ ሲጠብቁ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ማሽን ቤቱ እንደማይዘጋ ተናገሩ። እጮኛዬ ደውሎ ይህን ነገረኝ፤ ከዚያም ውሃውን አብረን አዳመጥን።

ደስታችን ግን እስከ ፋሲካ አልቆየም። መሐንዲሶቹ ወደ ምዕራብ ያሉትን ከተሞችም በዚሁ መንገድ ሊያያይዙ ኖሯል፤ ከሰዉ ጋር በቋንቋው የሚግባባ፣ ማሽኑንም የሚያውቅ ሰው ይሰጠን አሉ። ሹሙም የእኔን ሰው ወደ ነቀምት አዘዋወሩት። ባንችል ኖሮ ሊበተን የነበረው ሰው፣ ስለቻልን ተወሰደ። በዚያ ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። ዩጎዝላቩ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊለኝ ሲደውል ማገናኛውን ነቅዬ ዘጋሁበት።

እሱ ሥራዬን እለቃለሁ አለ። ባለወፍጮው ጋ እቀጠራለሁ አለ። እኔ እምቢ አልኩት። ሦስቱ አምፖሎች ሲፈዙ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም ላየው አልፈለግሁም። ሄደ። ከነቀምት ሲደውል መስመሩ ረጅም ነው፤ ድምፁ ከሩቅ፣ በንፋስ ውስጥ ያለፈ ሆኖ ይመጣል። ከኋላው ውሃ የለም። አንድ ቀን ቁርጡን ነገርኩት፦ «አባቴን ብቻቸውን ትቼ አልመጣም። ሌላ ፈልግ።» ለአባቴ ምንም አልተናገርኩም። ቤት ስገባ እንደ ወትሮው መርፌያቸውን ተቀብዬ ክር አስገባሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ፖስታ ቤቱ በገበያ ሰው በተሞላበት ሰዓት፣ አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ። ስልክ በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም። በክፍሌ መስኮት ጎንበስ ብለው «ያንን ልጅ አገናኚኝ» አሉኝ።

«ምን ሊሉት ነው፣ አባዬ?»

«አንቺ አገናኚ።»

ነቀምትን ጠራሁ፤ እሱ መጣ። አባቴ ጥግ ባለው የስልክ መነጋገሪያ ሳጥን ውስጥ ገብተው ቆባቸውን አወለቁ፤ ትልቅ ሰው ፊት የቀረቡ ይመስል። እኔ ማዳመጫዬን ከጆሮዬ አወረድኩ፣ ደንቡ ነውና። ግን ምን ዋጋ አለው፤ አባቴ እሳቸው የማይሰሙትን ሌላውም የማይሰማ ስለሚመስላቸው እየጮኹ ነው የሚናገሩት። ፖስታ ቤቱ ሁሉ ያዳምጥ ነበር።

«አቤት! እኔ ነኝ! … ደህና ነኝ … መብራቱማ አለ … ስማ ልጄ፣ ያን ቃሌን አንስቼዋለሁ። … አንስቼዋለሁ ነው የምልህ! … ምን? … እኔማ ብቻዬን አይደለሁም፣ ማን ብቻዬን ነህ አለኝ! የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ሊቀመጥ ይመጣል። … ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሙያውን ላስተምረው ነው። … እንዲያውም ቤቱ ሊጠበን ነው። ና፣ ውሰዳት።»

ስልኩን ማስቀመጥ አላወቁበትም፤ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ መስኮቴ መጡ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ያያል። አባቴ ለእናታቸው አንድ ነበሩ፤ እህት ኖሯቸው አያውቅም።

«መቼ ነው የሚመጣው፣ አባዬ?» አልኳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ማን?»

«የእህትዎ ልጅ።»

አባቴ ቆባቸውን አስተካክለው ደፉ፣ መስኮቴን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«አንቺ ስትሄጂ ይመጣል» አሉኝ።